ስቱኮና ሲሊኮን በገዳሪፍ ክረምት

በመስኮት ላይ ሰው የሚያየው መስታወቱንና ክፈፉን ነው፤ ሁለቱን አያይዞ ዝናብ እንዳይገባ የሚከለክለው ግን በመካከላቸው የሚገባው፣ ከትንሽ ጣት የማይወፍር የማጣበቂያ መስመር ነው። ይህን ማጣበቂያ የኢትዮጵያ የግንባታ ሠራተኞች ስቱኮ ይሉታል፤ ቃሉ ከጣልያንኛ የተወረሰ ነው። ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳን በገዳሪፍና በከሰላ፣ ያው ነገር በዓረብኛ መዕጁን ይባላል፤ ትርጉሙም የተቦካ ሊጥ እንደ ማለት ነው። ከሁለቱ ስሞች ነገሩን በትክክል የሚገልጸው የሱዳኑ ነው፤ ምክንያቱም ጥንታዊው የመስታወት ማጣበቂያ በእርግጥም በዘይት ታሽቶ የተቦካ ዱቄት ነው፣ ሊጥ የሚበላሽባቸው ምክንያቶችም ብዙውን ጊዜ እሱንም ያበላሹታል። ከእነዚህ ምክንያቶች ዋናው ውሃ ነው።

የገዳሪፍ ከተማ ከመተማና ከጋላባት የድንበር በር 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል 600 ሜትር አካባቢ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ትገኛለች። ሱዳኖች ኸሪፍ የሚሉት የዝናብ ወቅት ከሰኔ እስከ መስከረም መጨረሻ የሚዘልቅ ሲሆን የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በከተማዋ በዓመት በአማካይ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል፣ ወደ ደቡብና ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ሲጠጉም መጠኑ ይጨምራል። ይህ አኃዝ ከጎንደር ደጋ ጋር ሲነጻጸር ብዙ አይደለም። ለመስታወት ገጣሚ ችግር የሚሆንበት ግን የዝናቡ ብዛት ሳይሆን የወቅቶቹ መራራቅ ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲግል የከረመ ግድግዳና ብረት፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሌሊቱን ጤዛ ሲያንጠባጥብ ያድራል፣ ከእግሩ በታች ያለው ጥቁር አፈርም ሲሰነጣጠቅ ከርሞ በድንገት ያብጣል።

መስታወት በዚህ አገር የቆየ ልማድ አይደለም። የምሥራቅ ሱዳን ነባር ቤት፣ በሣር የተከደነው ክብ ጎጆ፣ አየር የሚያገኘው በበሩና በክዳኑ ሥር ስለሆነ መስኮት የሚባል ነገር ብዙም አያስፈልገውም፤ የከተማው የጡብ ቤት ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው በእንጨት ወይም በላሜራ ተዘግቶ በሚከፈት መስኮት ነው። የባቡር ሐዲዱ በ1928 እ.ኤ.አ. ገዳሪፍ መድረሱ፣ በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. ደግሞ ገደምበሊያ በተባለው ስፍራ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ የማሽላ እርሻ መጀመሩ ከተማዋን የእህልና የሰሊጥ ገበያ ሲያደርጋት፣ ቢሮዎች፣ ክሊኒኮች፣ ትምህርት ቤቶችና የነጋዴ ቤቶች ተከታትለው ተሠሩ፤ የመስታወት መስኮት ፈላጊዎችም በዋናነት እነዚህ ናቸው። በሌላው ጫፍ ያሉት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከረኀብና ከጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያን የተጠለሉበት፣ ከኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ከትግራይ ጦርነት የሸሹት እንደገና የገቡበት የኡም ራኩባ መጠለያ፣ እንዲሁም በ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተከፈተው ቱናይድባህ ናቸው፤ በእነዚህ መጠለያዎች መስኮት ቢኖር እንኳ የሚዘጋው በላስቲክ ሸራ ነው። ስለዚህ ስለ መስታወት የሚነገረው ሁሉ የአካባቢውን ሕዝብ ከፊሉን ብቻ የሚመለከት መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ጥንታዊው ስቱኮ ከሁለት ነገሮች ይሠራል፤ አንደኛው የተልባ ዘይት፣ ሁለተኛው ሳይቃጠል በደቃቁ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፣ ከክብደቱም ከአምስት እጅ አራቱ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ዱቄቱ ነው። እዚህ ላይ ስሙ እንዳያሳስት መጠንቀቅ ይገባል፤ ግድግዳ የሚቀባው ኖራ በእሳት የተቃጠለ በመሆኑ ከዘይት ጋር ሲገናኝ ተዋሕዶ ሳሙና መሰል ሌላ ነገር ይወጣዋልና ለስቱኮ የሚሆነው ጥሬው ድንጋይ ነው። በደንብ የታሸ ስቱኮ በመዳፍ ሲድቦለቦል እጅ ላይ አይቀርም፣ ሲጎተት ወዲያው አይበጠስም፤ እጅን የሚያቀባ ከሆነ ዘይቱ በዝቷል፣ እንደ ደረቅ ቆሎ ዱቄት የሚፈረፈር ከሆነም ዘይቱ አንሷል ወይም ቆይቷል።

ስቱኮው ከተለጠፈ በኋላ «ደረቀ» ይባላል፤ ይህ የተለመደ አነጋገር ግን ብዙ ስሕተት የሚፈጥር ነው። እንጀራ፣ ጭቃ ወይም የታጠበ ልብስ የሚደርቀው ውሃው ስለሚተን ነው፤ በስቱኮ ውስጥ ግን የሚተን ውሃ ጨርሶ የለም። የተልባ ዘይት የሚጠነክረው ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ በመተሳሰራቸው ሲሆን፣ ይህም ከውጭ ወደ ውስጥ በቀስታ የሚሄድ ሥራ ስለሆነ ቀናትን ብቻ ሳይሆን ሳምንታትን ይፈልጋል። ከዚህ የሚከተለው ነገር በሐምሌ ወር መስኮት ለሚያስገጥም ሰው ቁም ነገር ነው፤ በአየር ውስጥ ያለው ወበቅ ስቱኮውን ሊያዘገየው ይችል ይሆናል እንጂ አያጠፋውም፣ በክፈፉ ላይ የተኛ ቀጭን የውሃ ሽፋን ግን ዘይቱ ብረቱን ወይም እንጨቱን እንዳይነካ ስለሚያደርገው ሥራውን ከሥሩ ያበላሸዋል። «እርጥበት» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለው ይኖራሉ፤ የአየሩ እንፋሎትና የገጹ ውሃ። በእርጥብ ወቅት የሚሠራ መስታወት ገጣሚ ከምንም በፊት ሊለያቸው የሚገባው እነዚህን ነው።

ዘይቱ ለምን የተልባ መሆን እንዳለበት ለመረዳት ከገዳሪፍ፣ ከመተማና ከሑመራ የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ ምክንያቱም ይህ ሁሉ የሰሊጥ አገር ነውና በእጅ የሚገኘው ዘይት ተልባ ሳይሆን ሰሊጥ ነው። የአንድ ዘይት ኦክስጅን የመቀበል አቅም በኬሚስትሪ የሚለካው ዘይቱ በሚወስደው የአዮዲን መጠን ሲሆን፣ የተልባ ዘይት ከ170 በላይ፣ የኑግ ዘይት 130 አካባቢ፣ የሰሊጥ ዘይት ደግሞ 110 ገደማ ያስመዘግባል። በዚህ መለኪያ ተልባ ሙሉ በሙሉ የሚጠነክር፣ ሰሊጥ ግን በከፊል ብቻ የሚጠነክር ዘይት ነው። በዚያ ላይ ሰሊጥ በተፈጥሮው ኦክስጅንን የሚመክቱ ውሁዶች ስላሉበት በጓዳ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይሻግት ይቆያል፤ የወጥ ቤቱ በረከት በመስኮት ላይ ጉድለት የሚሆነውም ለዚህ ነው። በሰሊጥ ዘይት የተቦካ ስቱኮ ከወር በኋላም በጥፍር ሲጫኑት የሚሰረጎድ፣ አቧራ የሚሰበስብና በሚያዝያ ሙቀት ወደ ታች የሚንሸራተት ልጥፍ ከመሆን አያልፍም። ኑግ በመካከል ላይ ይገኛል፤ ከሰሊጥ ይሻላል፣ ከተልባ ግን ያንሳል። ተልባ የደጋ ሰብል በመሆኑ ከጎንደርና ከጎጃም ወደ ቆላው መውረድ አለበት ማለት ነው።

ስለ አካባቢው ሀብት ሲነሳ ሙጫና ዕጣንም ሳይጠቀሱ አይታለፉም። ሱዳን በዓለም ቀዳሚ የሆነችበት የግራር ሙጫ በገዳሪፍ ዙሪያም ይሰበሰባል፣ መተማና ቋራ ደግሞ በዕጣን ዛፋቸው የታወቁ ናቸው። ሁለቱም ይጣበቃሉ፤ ለመስኮት ግን ሁለቱም አይሆኑም። የግራር ሙጫ ዋና ጠባዩ በቀዝቃዛ ውሃ እንኳ ፈጥኖ መሟሟቱ ነውና በመጀመሪያው ዶፍ ዝናብ ታጥቦ ይወርዳል፤ ዕጣንም የሬዚንና የሙጫ ቅልቅል በመሆኑ የሙጫው ክፍል ውሃ ሲጠጣ፣ የሬዚኑ ክፍል ደግሞ በፀሐይ ይለሰልሳል።

ስቱኮ የሚለጠፍበት ነገርም የራሱ ጠባይ አለው። እንጨት ዘይት ይጠጣል፤ ጥሬ እንጨት ላይ የተለጠፈ ስቱኮ ዘይቱን በእንጨቱ ተመጥጦ ዱቄቱ ብቻ ስለሚቀር ከአንድ ሁለት ክረምት በኋላ ተፈረካክሶ ይረግፋል፣ ስለዚህም ክፈፉ አስቀድሞ በዘይት ወይም በዘይት ቀለም መቀባት ይኖርበታል። ብረት ግን ምንም አይጠጣም። ለእንጨት የተዘጋጀ ስቱኮ በኢትዮጵያ በተለምዶ ኤል ቲ ዜድ በሚባለው የብረት ክፈፍ ላይ ሲለጠፍ ለረጅም ጊዜ ለስላሳ ሆኖ የሚቆየው ለዚሁ ነው፤ ለብረት መስኮት የሚሠራው ስቱኮ የማጠንከሪያ ንጥረ ነገር የተጨመረበት ስለሆነ ሁለቱን አንድ አድርጎ መግዛት ገንዘብ ማባከን ይሆናል። በቆላው የእንጨት ክፈፍ ላይ ከዝናቡ ሌላ ምስጥም ስለሚነሳበት የብረት መስኮት ተመራጭ መሆኑ አያስገርምም፤ ይሁንና ብረቱ ከዝገት ጋር የሚያደርገው ትግል የሚጀምረው ልክ ስቱኮው ከሚቀመጥበት ማዕዘን ነው።

ሥራው በቅርብ ሲታይ እንዲህ ይሆናል። አሮጌው ስቱኮ በመሮና በመዶሻ በጥንቃቄ ይነሳል፤ በአሮጌ ሕንጻዎች ላይ ያለው ስቱኮና ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ብናኙን ከመተንፈስ ይልቅ አርጥቦ መፋቅ ይመረጣል። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ከተፈተገ በኋላ በዚያው ቀን አንቲረስት ይቀባል፤ በክረምት ለማግሥት ከቆየ ብረቱ በአንድ ሌሊት ጤዛ ብቻ እንደገና ቀይ ይሆናል። ቀለሙ ሲጠነክር በክፈፉ ጥርስ ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር የሚሆን ስስ የስቱኮ አልጋ ይነጠፋል፣ መስታወቱም በላዩ ላይ ተጭኖ ትርፉ በጀርባው በኩል እስኪወጣ በእኩል ይገፋል። የሚገፋው ጠርዝ ጠርዙ እንጂ መካከሉ አይደለም። 60 በ80 ሳንቲ ሜትር የሆነና 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት አምስት ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ይህ ክብደት በለስላሳው ስቱኮ ላይ እንዳይወድቅ ከሥሩ ሁለት ትናንሽ የእንጨት ወይም የጎማ ሽብልቆች ይገቡበታል። ከዚያ በኋላ በውጭው ፊት ስቱኮው በስፓቱላ በአንድ እጅ ንቅናቄ ሰያፍ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ሰያፉ ውሃ ወደ ውጭ እንዲሸሽ የሚያደርግ በመሆኑ ጠፍጣፋ ወይም ጎድጓዳ ስቱኮ፣ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ለኸሪፍ ዝናብ ገንዳ ሆኖ ማገልገሉ አይቀርም። የመጨረሻው ቀለም የሚቀባው ከሳምንት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ስቱኮው ቆዳ ሲያወጣ ሲሆን፣ ብሩሹ ከስቱኮው አልፎ በመስታወቱ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል እንዲረግጥ ይደረጋል። ይህ ለዓይን የቀለም ቀቢ ስሕተት የሚመስል ጠባብ መስመር በስቱኮና በመስታወት መካከል ያለውን ስንጥቅ የሚዘጋው ዋናው ክዳን ነው፤ ንጹሕ ሥራ ለማሳየት ሲባል በምላጭ ሲፋቅ መታየቱ ያሳዝናል።

በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ውስጥ እንዳይጣል ማሳሰብም ተገቢ ነው። ዘይቱ ኦክስጅን ሲወስድ ሙቀት ያወጣል፣ በተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥም ይህ ሙቀት መውጫ አጥቶ ያለ ክብሪት እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ የሰሊጥ ጭድና የማሽላ አገዳ በየአጥሩ በሚከመርበት ቆላ ይህ የንድፈ ሐሳብ አደጋ ብቻ አይደለም። ጨርቁ ተዘርግቶ ቢሰጣ ወይም ውሃ ውስጥ ቢነከር ይበቃል።

ሲሊኮን ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር የተገላቢጦሽ ጠባይ አለው። በቱቦ ተሞልቶ በመግፊያ የሚለጠፈው ይህ ማጣበቂያ የሚጠነክረው ከአየር ውስጥ የውሃ እንፋሎት በመውሰድ ነው፤ ማለትም ስቱኮን ሊያዘገይ የሚችለው ወበቅ ሲሊኮንን ይመግበዋል። በሐምሌ የገዳሪፍ አየር ፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ ያወጣል፣ ወደ ውስጥም በቀን ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል እየጠነከረ ይሄዳል። ከዚህ ተነስቶ ሲሊኮን በእርጥብ ነገር ላይ ይለጠፋል ብሎ ማሰብ ግን ከላይ የተለዩትን ሁለት እርጥበቶች እንደገና መቀላቀል ነው፤ እንፋሎት የሚወደው ሲሊኮን በገጹ ላይ ያለን ውሃ ልክ እንደ ስቱኮ ይጠላል፣ በጤዛ ላይ ከተለጠፈም ከጠነከረ በኋላ እንደ ላስቲክ ክር ተስቦ ይነሳል። በገበያ ርካሽ የሆነውና ሲለጠፍ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ሲጠነክር አሲድ ስለሚለቅ ያልተቀባ ብረትንና የዚንክ ልባጥ ያለውን ላሜራ ያዝገዋል፣ ከሲሚንቶ ጋርም አይስማማም፤ ለብረት መስኮትና ለግድግዳ ጠርዝ የሚመረጠው በቱቦው ላይ ገለልተኛ ተብሎ የተለየው ነው። ሽታው ብቻውን ምስክር ስለሆነ ገዢው ጽሑፉን ማንበብ ባይችል እንኳ በአፍንጫው ሊለየው ይችላል።

ይሁን እንጂ ሲሊኮን ስቱኮን የሚበልጥበት ትልቁ ነገር ፍጥነቱ ሳይሆን መለጠጡ ነው። ሁሉም ነገር ሲሞቅ ይረዝማል፣ ግን እኩል አይረዝምም። ክፈፉ በሌሊት 20፣ በቀን ፀሐይ 60 ዲግሪ ቢደርስ፣ አንድ ሜትር መስታወት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሦስተኛ በጥቂት የሚበልጥ ብቻ ሲረዝም፣ አንድ ሜትር ብረት ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ አንድ ሜትር አሉሚኒየም ደግሞ ወደ አንድ ሙሉ ሚሊ ሜትር ይረዝማል። በብረትና በመስታወት መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት በመሆኑ ጠንካራ ስቱኮ ሊችለው ይችላል፤ በአሉሚኒየምና በመስታወት መካከል ያለውን ግን አይችለውም፣ በየቀኑም ሲሳብና ሲገፋ ይሰነጠቃል። ለአሉሚኒየም መስኮት ጎማና ሲሊኮን እንጂ ስቱኮ የማይሆንለት ከዚህ የተነሳ ነው፤ አሮጌው ለአሮጌ፣ አዲሱ ለአዲስ የሚለው ልማድ እዚህ ላይ ሳይታሰብ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል።

ከሙቀቱ የባሰው እንቅስቃሴ የሚመጣው ከምድር ነው። ዋልካው ጥቁር አፈር ከግማሽ በላይ ሸክላ በመሆኑ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በላዩ ያለው ቤት መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ በዓመት አንድ ጊዜ ይነሳል፣ አንድ ጊዜም ይወርዳል። በሰኔ በቀላሉ የሚከፈት መስኮት በነሐሴ እንቢ ማለቱ፣ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የሚወጣ የግድግዳ ስንጥቅም መታየቱ የዚህ ምልክት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ በክፈፉ ልክ ጠብ ሳይል የተቆረጠ መስታወት ጥሩ ሥራ አይደለም፤ ክፈፉ ሲያጋድል ማዕዘኑ መስታወቱን ይነክሰዋልና። በዙሪያው ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው ቸልተኝነት ሳይሆን ለምድሩ የተተወ መተንፈሻ ነው።

መስታወቱ ገና ከክፈፉ ሳይደርስም እርጥበት ሊያበላሸው ይችላል። ወደ ቆላው የሚወርደው መስታወት ረጅም መንገድ በጭነት መኪና ይጓዛል፤ በመተማም እንደ ሌሎች የድንበር ከተሞች ሁሉ ወረፋ ሲያዝ ጭነት ቀናትን ሊቆይ ይችላል። በተደራረቡ መስታወቶች መካከል የገባ ውሃ መውጫ ሲያጣ ከመስታወቱ ውስጥ ሶዲየም እየሳበ አልካላይን ፈሳሽ ይሆናል፣ ይህም ተመልሶ መስታወቱን ራሱን ይበላዋል፤ ውጤቱ በሳሙናም በኮምጣጤም የማይለቅ ነጭ ደመና ነው። ገዢዎች ይህን ቆሻሻ መስሏቸው ሲፈትጉ ይውላሉ። በየመስታወቱ መካከል ወረቀት አድርጎ፣ በቁም አስደግፎና ከሸራ ሥር አየር እንዲገባ ትቶ ማስቀመጥ ጉዳቱን ያስቀራል።

አንድ ነገር በጎን መጥቀስ ይገባል። ገዳሪፍ፣ መተማና ሑመራ ካላአዛር የሚባለው በሽታ የሚበዛባቸው አካባቢዎች ናቸው፤ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ እጅግ ስለምታንስ በተራ የትንኝ ወንፊት ታልፋለች። መስታወቱን ዘግቶ መተኛት በወበቁ አይቻልም፣ መስኮቱን ክፍት መተውም ዋጋ ያስከፍላል፤ ስለዚህ ሙሉ ክፈፉን በማይከፈት መስታወት ከመሙላት ይልቅ ከፊሉን ለጠባብ ወንፊት መተው የተሻለ ይመስላል።

የሥራው ሰዓት ከዕቃው እኩል ወሳኝ ነው። አየሩ 25 ዲግሪ ሙቀትና 85 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ሲኖረው ወደ 22 ዲግሪ የወረደ ብረት ላብ ይጀምረዋል፤ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት የመስኮት ብረት ከዚህ በታች ቢወርድ አያስገርምም። ለዚህ ነው በክረምት ከማለዳ ይልቅ ረፋዱ፣ ፀሐይ የነካው ግድግዳ ለእጅ ሞቅ ሲል፣ የሚመረጠው፤ ጥርጣሬ ካለ ደረቅ ወረቀት ብረቱ ላይ ተጭኖ ሲነሳ መልሱን ይሰጣል። ከወራቱ የተሻለው ከኅዳር በኋላ ያለው ነው፤ ዝናቡ ካባራበት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ግን ሳሉግ የሚባለው የቀን ሠራተኛ ሁሉ ወደ ሰሊጥ አጨዳው ስለሚወርድ በከተማው የሠራተኛ ዋጋ ይወደዳል።

በሐምሌ መካከል መስታወት የተሰበረበት ቤት እስከዚያ መጠበቅ የለበትም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በመጠለያዎቹ የሚያድለው ዓይነት ጠንካራ ሸራ፣ ካልተገኘም ወፍራም ላስቲክ፣ ከውጭ በኩል በቀጫጭን እንጨት ተጠፍሮ ሊመታ ይችላል፤ ላዩ ከክፈፉ አልፎ በግድግዳው ላይ እንዲታጠፍ፣ ታችኛው ጠርዝ ደግሞ ሳይጠብቅ እንዲቀር ከተደረገ በውስጥ የሚጠራቀመው ጤዛ መውረጃ ያገኛል፣ ብረቱም እስከ ጥቅምት ይደርቃል።